ቪዲዮ ሲከፈት ብሮውዘሩ ድርግም ብሎ ይዘጋል፤ አንስቶ መጫን አልፈታውም

ሰማያዊ ስክሪን · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለመድረኩ። ማሽኑ 3ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ላፕቶፕ ነው፤ ግራፊክሱ ኢንቴል ኤችዲ 4000፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 10 ባለ 64 ቢት። ተራ ገጽ፣ ኢሜይል፣ ቴሌግራም ቀኑን ሙሉ ቢከፈት ምንም አይልም። ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ ሲጀመር ግን ከ10 እስከ 40 ሰከንድ ባለው ውስጥ ስክሪኑ ይጠቁርና ይመለሳል። ሁለት ሦስቴ እንዲህ ካደረገ በኋላ ብሮውዘሩ ያለ አንዳች መልእክት ድርግም ይላል። ክሮምም ፋየርፎክስም ላይ ያው ነው። ፍላሽ ላይ ያለ ፊልም በቪኤልሲ ሲታይ ደህና ነው።

የተሞከረው፦ ክሮምን አንስቶ መጫን (ሁለቴ)፣ ካሽ ማጽዳት፣ የቫይረስ ስካን። ዊንዶውሱ ከተጫነ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ድራይቨሮቹ (ዊንዶውስን ከሃርድዌሩ ጋር የሚያገናኙት ፕሮግራሞች) የገቡት ያለ ኢንተርኔት ከሚሠራ የድራይቨር ጥቅል ነው። ፎርማት ከመደረጉ በፊት የሚታይ ነገር አለ?

ብሎን ፈቺ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

ፎርማቱን ተወው፣ ገና ነው። «ብሮውዘሩ ተዘጋ» የሚለው ቃል አራት የተለያየ በሽታ ይሸፍናል፤ መድኃኒታቸውም አይገናኝም። አንደኛው የታቡ ብቻ መሞት ነው፦ «አው ስናፕ» የሚል ገጽ ከነኮዱ ይመጣል፣ ጎረቤት ታቦች ግን ይሠራሉ። ሁለተኛው የግራፊክስ ፕሮሰሱ (ለብቻው የሚሮጥ የብሮውዘሩ ክፍል) መሞት ነው፦ መስኮቱ ለሰከንድ ጠቁሮ ይመለሳል። ሦስተኛው መላው ብሮውዘር ሲጠፋ ነው። አራተኛው ማሽኑ ራሱ ሪስታርት ሲያደርግ ወይም ሲጠፋ ነው፤ እሱ የብሮውዘር ጉዳይ አይደለም፣ ሙቀት ወይም ኃይል ነው።

ያንተ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ሲሸጋገር ነው። ክሮም ሥራውን ለብዙ ፕሮሰሶች ያከፋፍላል፤ ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚነጋገረው ለብቻው ያለ ጂፒዩ ፕሮሰስ ነው። እሱ ሲወድቅ ብሮውዘሩ እንደገና ያስነሳዋል፤ ስክሪኑ የሚጠቁረው ያኔ ነው። ደጋግሞ ወድቆ መተኪያ መንገድ ሲያጣ ግን ብሮውዘሩ ሆን ብሎ ራሱን ይዘጋል። መልእክት ያላየኸው ለዚህ ነው።

ምንም ሳትነካ መጀመሪያ አንብብ። (የእንግሊዝኛ ቃላቱን በፊደላችን ነው የምጽፋቸው፤ ስታስገቡ በእንግሊዝኛ ፊደል ይሁን።) በክሮም አድራሻ መጻፊያ ላይ «ክሮም»፣ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ስላሽ፣ «ጂፒዩ» ብለህ አስገባ። ከሚከፈተው ረጅም ገጽ ሦስት ቦታ ብቻ ተመልከት፦ ከላይ «ቪዲዮ ዲኮድ» ፊት ለፊት ምን እንደተጻፈ፣ መሃል ላይ የድራይቨሩን ቨርዥንና ቀን፣ መጨረሻ ላይ ያለውን የሎግ መልእክት። ሎጉ ላይ የጂፒዩ ፕሮሰሱ ከነመውጫ ኮዱ ተመዝግቦ ታገኛለህ። ገጹን ግን ብሮውዘሩ ሳይዘጋ፣ ስክሪኑ አንዴ እንደጠቆረ ክፈተው፤ ብሮውዘሩ ከተዘጋ ሎጉ አብሮ ይጠፋል።

ከዚያ ስታርት ላይ «ኢቨንት ቪዩወር» ጻፍ፤ «ዊንዶውስ ሎግስ»፣ ከሥሩ «ሲስተም»። ምንጩ «ዲስፕሌይ»፣ ቁጥሩ 4101 የሆነ ማስጠንቀቂያ ካለ የግራፊክስ ድራይቨሩ መልስ መስጠት አቁሞ ዊንዶውስ አስነስቶታል ማለት ነው። ዊንዶውስ ካርዱን 2 ሰከንድ ነው የሚታገሠው። «አፕሊኬሽን» የሚለው ሎግ ላይ የክሮምን ስም ብታጣ አትገረም፤ ክሮም ውድቀቱን በራሱ መያዣ ስለሚይዝ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም።

ክሮምን ሁለቴ ስለመጫንህ፦ ሲነሳ «የአሰሳ ዳታዬንም አጥፋ» የምትለዋን ሳጥን ካልመረጥክ ፕሮፋይሉ ባለበት ይቀመጣል። መልሰህ ስትጭን ያንኑ ኤክስቴንሽን፣ ያንኑ ሴቲንግ ይዞ ይነሳል። ያለቀብህ ፓኬጅህ ነው።

እትዬ ካሽ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

ብሎን ፈቺ ያለውን እያነበብክ፣ ጎን ለጎን የሁለት ደቂቃ ሙከራ አድርግ። ክሮም ላይ ሦስቱ ነጥቦች፣ «ሴቲንግስ»፣ በግራ በኩል «ሲስተም»፤ ግራፊክስ አክስለሬሽን (የምስል ሥራን ከፕሮሰሰሩ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ማሸጋገር) ሲገኝ ተጠቀም የሚለውን አጥፋና «ሪላውንች» በል። የድሮው ክሮም ላይ «ሃርድዌር አክስለሬሽን» ይለዋል፣ አንድ ነው። ሪላውንች ካላልክ አይሠራም፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው «ሞክሬው አልሆነም» የሚለው።

ፋየርፎክስ ላይ ትንሽ ተደብቋል፦ «ሴቲንግስ»፣ «ጀነራል»፣ ወደታች «ፐርፎርማንስ»። የሚመከረውን ሴቲንግ ተጠቀም የሚለውን ምልክት ስታነሳው ነው የሃርድዌር አክስለሬሽኑ ሳጥን ብቅ የሚለው። እሱንም አንሳና ፋየርፎክስን ዘግተህ ክፈት።

ብሮውዘሩ ገና ሲከፈት የሚዘጋ ከሆነና ሴቲንግ ውስጥ መግባት ካልተቻለ፣ ዴስክቶፑ ላይ ያለውን የክሮም ሾርትከት ቀኝ ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ታርጌት»። ከመጨረሻው ትእምርተ ጥቅስ ውጭ አንድ ክፍት ቦታ ትተህ፣ ሁለት ሰረዝ፣ «ዲስኤብል»፣ አንድ ሰረዝ፣ «ጂፒዩ» ጨምር። ክፍት ቦታዋን ከረሳሃት ሾርትከቱ አይቀበልህም።

አሁን ያንኑ ቪዲዮ በ720 ለ10 ደቂቃ አጫውት። ካልወደቀ ነገሩ ድራይቨር ነው። አሁንም ከወደቀ ድራይቨሩን ተወውና ወደ ኤክስቴንሽንና ወደ ራም እንሄዳለን።

ቢት በቢት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

«ለምን ቪዲዮ ላይ ብቻ?» ለሚለው። ቪዲዮ ተራ ገጽ የማይደርስበትን የግራፊክስ ቺፑን ክፍል ይነካል። የታመቀውን ምስል የሚፈታው ክፍል ቺፑ ውስጥ ለብቻው የተሠራ ነው፤ የሚያውቀውም ፋብሪካ ውስጥ የተሰጠውን ኮዴክ (ቪዲዮ የሚታመቅበትና የሚፈታበት ዘዴ) ብቻ ነው። ዩቲዩብ ሦስት ይጠቀማል፦ ኤች 264 (እ.ኤ.አ. 2003)፣ ቪፒ9 (2013)፣ ኤቪ1 (2018)። ኢንቴል ቪፒ9ን ሙሉ በሙሉ በቺፕ የሚፈታው ከ7ኛ ትውልድ ወዲህ፣ ኤቪ1ን ከ11ኛ ወዲህ ነው። ኤንቪዲያ ኤቪ1ን ከአርቲኤክስ 30 ጀምሮ፣ ኤኤምዲ ከአርኤክስ 6000 ጀምሮ (6400 እና 6500 ኤክስቲ ሲቀሩ) ይፈታሉ።

ስለዚህ ያንተ 3ኛ ትውልድ ከሦስቱ ኤች 264ን ብቻ ነው በቺፕ የሚያየው። ቪፒ9 እና ኤቪ1 በፕሮሰሰሩ ይፈታሉ። ታዲያ በፕሮሰሰር ከተፈታ ድራይቨሩ ለምን ይወድቃል? ምክንያቱም የተፈታው ምስል በሰከንድ 30 ወይም 60 ጊዜ ወደ ግራፊክስ ሜሞሪ ተገፍቶ ከገጹ ጋር ተቀናብሮ መውጣት አለበት። ይኼ ሥራ ዳይሬክት 3ዲ 11 በሚባለው የዊንዶውስ ግራፊክስ መንገድ ላይ ያለማቋረጥ ይሠራል። ቪኤልሲ ገጽ አያቀናብርም፣ በሌላ መንገድ ነው የሚያልፈው፤ እሱ ሠራ ማለት ድራይቨሩ ደህና ነው ማለት አይደለም።

የትኛው ኮዴክ እንደመጣ ለማየት የሚጫወተውን ቪዲዮ ቀኝ ክሊክ አድርግና «ስታትስ ፎር ነርድስ» በል። «ኮዴክስ» የሚለው መስመር በ«ኤቪሲ1» ከጀመረ ኤች 264፣ በ«ቪፒ09» ከጀመረ ቪፒ9፣ በ«ኤቪ01» ከጀመረ ኤቪ1 ነው። በቺፕ ወይስ በፕሮሰሰር እየተፈታ እንደሆነ ደግሞ ኤፍ 12 ተጫን፣ ሦስቱ ነጥቦች፣ «ሞር ቱልስ»፣ «ሚዲያ»፤ «ሃርድዌር ዲኮደር» ፊት ለፊት እውነት ወይም ሐሰት ይላል። ይኼ መስኮት ከመገመት ያድናል።

ሰማያዊ ስክሪን · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡30

አመሰግናለሁ። ውጤቱ እነሆ፦

አክስለሬሽኑ ጠፍቶ 25 ደቂቃ ያለ ችግር ሄደ። ግን በ720 ባለ 60 ፍሬም ፕሮሰሰሩ ከ85 እስከ 95 በመቶ ነው፤ ፋኑ ይጮኻል። በ480 ወደ 45 በመቶ ይወርዳል። ኮዴኩ ቪፒ9 ነው።

መልሼ አብርቼ ስክሪኑ እንደጠቆረ «ክሮም ጂፒዩ»ን ከፈትኩ። የድራይቨር ቨርዥኑ በ9.17.10 ይጀምራል። ሎጉ ላይ የጂፒዩ ፕሮሰሱ በኮድ ‎-1073741819 ወጣ የሚል 2 ጊዜ ተጽፏል።

ኢቨንት ቪዩወር ላይ 4101 ትናንት ማታ ብቻ 7 ጊዜ አለ።

ብሎን ፈቺ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00

በሽታው ታወቀ። ያ ረጅም ቁጥር በዊንዶውስ ቋንቋ «አክሰስ ቫዮሌሽን» ነው፤ ድራይቨሩ የራሱ ያልሆነ ሜሞሪ ነክቶ ተገደለ ማለት ነው። 9.17.10 ደግሞ ለዊንዶውስ 7 እና 8 ዘመን የተሠራው መስመር ነው። ኤችዲ 4000 ዊንዶውስ 10 ላይ መያዝ ያለበት በ10.18.10 የሚጀምረውን ነው። የድራይቨር ጥቅሎች የሃርድዌሩ መታወቂያ ገጠመ ብለው የድሮውን ይጭናሉ። ይጫናል፣ ስክሪኑም ይስተካከላል፣ ዲቫይስ ማናጀር ላይ ቢጫ ምልክትም አይኖርም። ቪዲዮ እስኪከፈት ድረስ ማንም አያውቅበትም።

ቅደም ተከተሉን አትቀያይረው፦

መጀመሪያ ትክክለኛውን ድራይቨር ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ፣ ከሥር በተለጠፈው የሞዴል ቁጥር ፈልገህ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጥ። ቴሌግራም ቻናል ላይ ከሚዞር ፋይል ራቅ።

ሁለተኛ ዋይፋይ አጥፋ፣ ኬብል ካለ ንቀል። ይኼን የሚዘሉ ሰዎች ድራይቨሩን ነቅለው ሳይጨርሱ ዊንዶውስ አፕዴት ከኋላቸው ሌላ ይተክላል።

ሦስተኛ የዊንዶውስ ቁልፍና ኤክስ፣ «ዲቫይስ ማናጀር»፣ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ»። ኢንቴሉን ቀኝ ክሊክ፣ «አንኢንስቶል ዲቫይስ»፤ የዚህን ዲቫይስ ድራይቨር ሶፍትዌር አጥፋ የምትለዋን ሳጥን ምረጥ። ሳጥኗን ካልመረጥካት ፋይሉ ዊንዶውስ ጎተራ ውስጥ ይቀራል፣ ሪስታርት ስታደርግ ራሱ ተመልሶ ይተከላል። ሪስታርት አድርግና እንደገና እይ። ጥቅሉ ሁለት ሦስት ቨርዥን ደራርቦ ሊሆን ስለሚችል ስሙ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» እስኪሆን ደጋግመው። በዚያ ሰዓት ጽሑፉ ሁሉ ይገዝፋል፣ ብርሃን መቀነስም አይሠራም፤ አትደንግጥ፣ ጤነኛ ምልክት ነው።

አራተኛ ያስቀመጥከውን ጫን፣ ሪስታርት፣ ከዚያ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ድራይቨር» ላይ 10.18.10 መሆኑን አረጋግጥ። ኔትወርኩን አሁን ነው የምትመልሰው። በመጨረሻ ክሮም ላይ አክስለሬሽኑን አብራና ሪላውንች።

የአምራቹ ገጽ ለዚህ ሞዴል የዊንዶውስ 10 ድራይቨር ከሌለው ደግሞ፣ ቤዚክ አዳፕተር ላይ እንደደረስክ ኔትወርኩን ክፈትና ዊንዶውስ አፕዴትን ራሱን አሠራው። ለኤችዲ 4000 ከ10.18.10 መስመር ያመጣል።

የሌሊት ፈረቃ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡15

ይኼ ሁሉ ድካም ለምን? አክስለሬሽኑን አጥፍቶ መተው ነው፤ ሠርቷል ብሏል እኮ። ካልሆነም ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ውስጣዊ ሴቲንግ መዝገብ) ላይ የ2 ሰከንዱን ገደብ 10 ማድረግ ይቻላል።

ቢት በቢት · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡40

ወንድሜ፣ 95 በመቶ ላይ የሚሮጥ ፕሮሰሰር «ሠራ» አይባልም። ሞቆ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ያኔ ፍሬም ይዘላል፣ ድምፅና ምስል ይለያያል፤ ባትሪውም አይቆይም። ማጥፋቱ መመርመሪያ ነው፣ ወይም የሚሆን ድራይቨር ጭራሽ ለሌለው ካርድ የመጨረሻ አማራጭ።

የሬጅስትሪው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ድራይቨሩ የሚደርቀውና የሚሞተው ራሱ ስለማይሆን ነው፣ ጊዜ ስላነሰው አይደለም። ገደቡን 10 ማድረግ ስክሪኑ ለ2 ሰከንድ ከመድረቅ ለ10 ሰከንድ እንዲደርቅ ያደርጋል እንጂ የሚያድነው የለም።

መሃል መንገድ የሚፈልግ ሰው አለ ከተባለ፦ «ክሮም ፍላግስ» ገጽ ላይ «ሃርድዌር አክስለሬትድ ቪዲዮ ዲኮድ» የሚለውን ብቻ «ዲስኤብል» ማድረግ ይቻላል። ገጹን መሣል ከካርዱ ጋር ይቀራል፣ ቪዲዮ መፍታት ብቻ ወደ ፕሮሰሰር ይሄዳል። ኤች 264 ላይ ብቻ ለሚወድቁ ማሽኖች ይኼ ይበቃል። እዚያው ገጽ ላይ «አንግል ግራፊክስ ባክኤንድ» የሚለውን ከዳይሬክት 3ዲ 11 ወደ ኦፕን ጂኤል መለወጥም አንዳንድ አሮጌ ካርድ ያድናል። አንዱን ለውጠህ ሞክር፣ ካልሆነ መልሰህ ሌላውን። ሁለቱን አንድ ላይ ከነካህ የትኛው እንደሠራ አታውቅም።

የሌሊት ፈረቃ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡55

ስለ ሬጅስትሪው ተቀብያለሁ። ስለ ማጥፋቱ ግን፣ 2ኛ ትውልድ ኤችዲ 3000 ላለው ሰው ምን ትላለህ? እሱ 9.17.10 ላይ ነው የሚያበቃው።

ቢት በቢት · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡05

እዚያ ላይ ልክ ነህ። ኤችዲ 3000 የዊንዶውስ 10 ድራይቨር ከኢንቴል አልወጣለትም። አጥፍቶ በ480 ማየት፤ ኤች 264 ብቻ እንዲመጣ የሚያስገድድ ኤክስቴንሽን ቢጨምርበት ፕሮሰሰሩ ይተነፍሳል፣ ኤች 264 በፕሮሰሰርም ሲፈታ ከሁለቱ ይቀላል። ኤቪ1ን ብቻ ለመቀነስ ከሆነ ኤክስቴንሽንም አያስፈልግም፤ ዩቲዩብ አካውንት ሴቲንግ ውስጥ «ፕሌይባክ ኤንድ ፐርፎርማንስ» ላይ ኤቪ1ን ለዝቅተኛ ጥራት ብቻ የሚል ምርጫ አለ።

አዲስ ገቢ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡50

ይቅርታ በመሃል ስለገባሁ፣ የኔ ትንሽ ይለያል። ስክሪን አይጠቁርም፤ ቪዲዮው 15 ደቂቃ ያህል ከሄደ በኋላ ታቡ «አው ስናፕ» ይልና ኮዱ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» ነው። 4 ጊጋ ራም፣ 120 ጊጋ ኤስኤስዲ። አክስለሬሽን ማጥፋት ምንም አልለወጠም።

እትዬ ካሽ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

እንኳን ገባሽ እህቴ፤ ያንቺ ከላይኛው ጋር አይገናኝም። በመጀመሪያ «ታስክ ማናጀር»፣ «ፐርፎርማንስ»፣ «ሜሞሪ» ክፈቺ። በትልቁ የተጻፈውን የራም መጠን ተይው፤ ከሥር «ኮሚትድ» የሚል በእዝባር የተከፈለ ሁለት ቁጥር አለ። ሁለተኛው ቁጥር ዊንዶውስ ለፕሮግራሞች ቃል ሊገባ የሚችለው ጣሪያ ነው። 4 ጊጋ ራም ላይ ጣሪያው 3.8 አካባቢ ከሆነ ፔጅ ፋይልሽ (ራም ሲጠብ ዊንዶውስ ዲስኩ ላይ የሚጠቀምበት ፋይል) ጠፍቷል ማለት ነው። «ኤስኤስዲ እንዳይጎዳ» ወይም «ፍጥነት እንዲጨምር» እየተባለ የሚጠፋው እሱ ነው። መጥፎ ምክር ነው፤ ክሮም የሚጠይቀው ሜሞሪ ጣሪያው ላይ እንደደረሰ ታቡን ይጥለዋል፣ ራሙ ላይ ትንሽ ክፍት ቢኖርም እንኳ።

የዊንዶውስ ቁልፍና አር፣ «ሲስ ዲኤም ነጥብ ሲፒኤል» (ሳይለያይ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል)፣ «አድቫንስድ»፣ ፐርፎርማንስ ሥር «ሴቲንግስ»፣ እንደገና «አድቫንስድ»፣ «ቸይንጅ»። ከላይ ያለችውን፣ ለሁሉም ድራይቭ ዊንዶውስ ራሱ ያስተዳድር የምትለዋን ሳጥን ምረጪና ሪስታርት። ሲ ድራይቭ ላይ ቢያንስ 10 ጊጋ ክፍት ይኑር፤ ፔጅ ፋይሉ የሚያድግበት ቦታ ካጣ ሳጥኗ ብቻ አትጠቅምም።

ጣሪያው ቀድሞውንም 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የሚፈስ ነገር አለ። ክሮም ላይ ሺፍትና ኤስኬፕ ስትጫኚ የራሱ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ቪዲዮው እየሄደ 5 ደቂቃ ተመልከቺው፤ ታቡ ነው የሚያድገው ወይስ አንዱ ኤክስቴንሽን? ኢንኮግኒቶ ላይ ኤክስቴንሽኖች በተለመደው ሁኔታ ጠፍተው ነው የሚከፈቱት፣ እዚያ ካልወደቀ ጥፋቱ የእነሱ ነው። 12 ካሉሽ 6ቱን አጥፊ፤ ከቀጠለ ጥፋተኛው ከቀሩት 6 ውስጥ ነው፣ 3ቱን አጥፊ። በአራት ዙር ቢበዛ ይያዛል። ማስታወቂያ ማገጃ ሁለት አይነት አብሮ መጫን የተለመደ ስህተት ነው፤ አንዱ ይበቃል።

አንድ ደግሞ፦ «አባውት ክሮም» ላይ ከቨርዥኑ ቁጥር አጠገብ 64 ቢት መባሉን እዪ። 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 32 ቢቱ ተጭኖ ከሆነ፣ ራም ቢጨመርም ያው ይወድቃል፤ የአንድ ፕሮሰስ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው።

አዲስ ገቢ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡10

ኮሚትድ 3.6 በ3.8 ይላል! ፔጅ ፋይሉ «ኖን» ነበር። አስተካክያለሁ፤ አሁን ጣሪያው 8.5 ሆኗል። 40 ደቂቃ ሄዷል፣ እስካሁን ሰላም ነው።

ጋሼ ታይፕ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

ልጆች፣ ዊንዶውስ 7 ያለው ዴስክቶፕ ላይ ክሮም አፕዴት አላደርግም ይላል፣ አንዳንድ የቪዲዮ ገጽም ሲከፈት ይዘጋል። አዲሱን ክሮም በፍላሽ አምጥቶ መጫን ይቻላል?

ብሎን ፈቺ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡20

አይቻልም ጋሼ። ለዊንዶውስ 7፣ 8 እና 8.1 የመጨረሻው ክሮም 109 ነው፤ ከ110 ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ይጠይቃል። ፋየርፎክስ ላይ የመጨረሻው 115 ኢኤስአር ነው፤ ለጊዜው እሱን ይጠቀሙ፣ ከክሮም 109 ይሻላል። «አዲስ ክሮም ለዊንዶውስ 7» ብሎ የሚዞር ፋይል ካገኙ ግን አይጫኑት፤ ምን እንደተጨመረበት አይታወቅም።

ፋየርፎክሱ ከወደቀብዎ አድራሻው ላይ «አባውት»፣ ሁለት ነጥብ፣ «ክራሽስ» ብለው ያስገቡ። የተላከውን ሪፖርት ሲጫኑት ከላይ «ሲግኔቸር» የሚል መስመር አለ። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል «አይ ጂ ዲ» ብሎ ከጀመረ የኢንቴል ድራይቨር ነው፣ «ኤን ቪ» ካለ የኤንቪዲያ፣ «ኤ ቲ አይ» ወይም «ኤ ኤም ዲ» ካለ የኤኤምዲ። የአንቲቫይረስ ፋይል ስም ካዩም እዚሁ ይጻፉልን። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ያቺ አንድ መስመር ብዙ ድካም ታሳጥራለች።

የሌሊት ፈረቃ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡45

ማሽኑ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋባቸውም እዚህ ስለሚመጡ፦ ኢቨንት ቪዩወር ላይ «ከርነል ፓወር» 41 ካያችሁ ብሮውዘር አትንኩ። ፋኑ ላይ ያለውን አቧራ በብሩሽ ጥረጉ፣ የደረቀውን ተርማል ፔስት ቀይሩ፣ ከዚያ ያለ ቻርጀር በባትሪ ብቻ አጫውቱ። በባትሪ ደህና ሆኖ በቻርጀር የሚጠፋ ከሆነ ቻርጀሩን በሌላ ተክታችሁ እዩ።

አዲስ ገቢ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡05

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ስልክ ላይስ? አንድሮይድ ነው፤ ቴሌግራም ውስጥ የዩቲዩብ ሊንክ ስነካ አፑ ይዘጋል፣ ክሮም ላይ ግን ይከፈታል።

እትዬ ካሽ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡15

አፖች ውስጥ የሚከፈተው ገጽ «አንድሮይድ ሲስተም ዌብቪው» በሚባል ክፍል ነው የሚሠራው። ፕሌይ ስቶር ላይ በስሙ ፈልገሽ አፕዴት አድርጊ። ቀድሞውንም አፕዴት ከተደረገ ደግሞ ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ዌብቪው፣ በሦስቱ ነጥብ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» ብለሽ እንደገና አዘምኚው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 አንድ የተበላሸ የዌብቪው አፕዴት በዓለም ዙሪያ አፖችን ሲዘጋ የዋለው በዚህች ክፍል ምክንያት ነበር።

ሰማያዊ ስክሪን · ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡20

ጨርሻለሁ። ጥቅሉ ሦስት ቨርዥን ደርቦ ነበር፤ ቤዚክ አዳፕተር ላይ ለመድረስ ሦስት ጊዜ መንቀልና ሪስታርት ጠየቀ። የአምራቹ ገጽ ላይ ያለው የዊንዶውስ 8.1 ብቻ ስለሆነ ዊንዶውስ አፕዴት እንዲያመጣው ተደረገ፤ አሁን 10.18.10 ይላል። አክስለሬሽኑ በርቶ፣ ኤች 264 በ720 ለአንድ ሰዓት ተኩል፦ 4101 የለም፣ ሎጉ ባዶ፣ ፕሮሰሰሩ ከ15 እስከ 20 በመቶ። ሚዲያ መስኮቱ ላይ ሃርድዌር ዲኮደር «እውነት» ነው። ቪፒ9 በ720 አሁንም 60 በመቶ ይበላል ግን አይወድቅም።

አንድ የቀረ ነገር፦ ራሙን 8 ማድረስ ለቪዲዮው ይጠቅማል? ሁለተኛው ስሎት ባዶ ነው፣ ያለው ዲዲአር 3 ባለ 1.5 ቮልት ነው፤ ገበያ ላይ ያገኘሁት ግን ዲዲአር 3 ኤል ባለ 1.35።

ቢት በቢት · ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡45

ይጠቅማል፤ ኤችዲ 4000 የራሱ ሜሞሪ የለውም፣ ከራሙ ነው የሚቆርሰው። ሁለቱም ስሎት ሲሞላ ሁለት መስመር ስለሚከፈት ግራፊክሱ ይቀለዋል። 1.35 ቮልቱ በ1.5ም ይሠራል፣ ግዛው። በተቃራኒው ቢሆን፣ 1.35 ብቻ የሚሰጥ ማሽን ላይ 1.5 ቮልቱን ብታስገባ፣ አይነሳልህም። ስትገዛ ፍጥነቱን አሁን ካለው ጋር አመሳስል፤ 1600 ከ1333 ጋር ካጣመርክ ሁለቱም በ1333 ነው የሚሄዱት። ከገባ በኋላ «ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» አንድ ዙር አሂድበት፤ ያገለገለ ራም የተበላሸ ከሆነ መጀመሪያ የሚወድቀው ያው ብሮውዘሩ ነው፣ ያኔ ድራይቨሩን እንዳትጠረጥር።